በዴስክቶፕ ላይ የሚጎርፈውን የብሮውዘር ኖቲፊኬሽን (ማሳወቂያ) ከምንጩ እንዴት እንዝጋው?

የፒያሳዋ ጸሐፊ (ደሴ)፦

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ጥያቄው ደሴ ላለ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነው። ስድስት ዴስክቶፕ አሉ፤ አራቱ ዊንዶውስ 10፣ ሁለቱ ዊንዶውስ 11 ናቸው። ሁሉም ላይ ክሮምና ኤጅ አለ፣ አንዱ ላይ ፋየርፎክስም ተጭኗል። ደንበኞች ራሳቸው ተቀምጠው የሥራ ማስታወቂያ ይፈልጋሉ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያያሉ፣ ዲቪ ይሞላሉ፣ ኢሜይል ይከፍታሉ።

ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ በኩል በየደቂቃው ሳጥን ብቅ ይላል። «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተጠቅቷል»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ነው፤ ለዓይን የሚያሳፍር ፎቶ ያለበትም አለ። ደንበኛ ማመልከቻ እያስጻፈ ዎርዱ ላይ ይወጣል። ብሮውዘሩ ተዘግቶም ይመጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ሲገናኝ ደግሞ ተከታትሎ ይዘንባል። አንቲቫይረስ ምንም አላገኘም። «ፎርማት ይደረግ» የሚል ምክር ነው የሚሰጠን፤ ስድስቱንም ፎርማት ማድረግ ግን የአማርኛ መጻፊያውን፣ የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨሩን፣ የደንበኞችን ፋይል እንደገና ማስተካከል ማለት ነው።

ይህ ቫይረስ ነው ወይስ ሌላ? በምን ይጠፋል? አዲስ ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር እንዳይመለስስ ምን ይደረጋል? የኢሜይልና የቴሌግራም ማሳወቂያ ለሥራችን ስለሚያስፈልግ ሁሉንም ድፍን አድርገን መዝጋት አንችልም።


የቦርከናው (ኮምቦልቻ)፦

አብሽሪ እህቴ፣ ለዚህ ፎርማት አያስፈልግም። አንቲቫይረሱ ምንም ያላገኘው የሚገኝ ነገር ስለሌለ ነው። ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል አይደለም፤ ለአንድ ድረ ገጽ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ሰውየው ውጤት ሊያይ ገጽ ይከፍታል፤ ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አሎው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ይለዋል፤ ይጫናል። እውነተኛ የሮቦት ማጣሪያ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ በፍጹም አይጠይቅም፤ ይህን ለደንበኞች መንገር ብቻውን ግማሹን ችግር ያስቀራል። ያቺ አንዲት ጠቅታ ድረ ገጹ ከተዘጋም በኋላ መልእክት እንዲልክ መብት ትሰጠዋለች።

አሠራሩን ብታውቂው የገለጽሽው ሁሉ ግልጽ ይሆናል። ፈቃድ ያገኘ ድረ ገጽ ሰርቪስ ወርከር የሚባል ትንሽ ኮድ ብሮውዘሩ ውስጥ ያስቀምጣል። መልእክቱ ከላኪው በቀጥታ ወደ እናንተ ኮምፒውተር አይመጣም፤ መጀመሪያ ብሮውዘሩን ወደ ሠራው ድርጅት ሰርቨር ይሄዳል። ለክሮም የጉግል፣ ለፋየርፎክስ የሞዚላ፣ ለኤጅ የማይክሮሶፍት ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ወይም ከኢንተርኔት ወጥቶ ከሆነ መልእክቱ እዚያ ይጠብቃል፤ ጉግል ጋ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መብራት ሲመጣ የሚዘንበው ይህ የተጠራቀመው ነው። ብሮውዘሩ ተዘግቶ የሚመጣው ደግሞ ክሮምም ኤጅም መስኮታቸው ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ መሥራታቸውን ሊቀጥሉ ስለሚችሉ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሳጥኑ የማን እንደሆነ ለዪ። የብሮውዘር ኖቲፊኬሽን ከሆነ ላዩ ላይ የብሮውዘሩ ስም ወይም ምልክት፣ ከጽሑፉ ሥር ወይም ጎን ደግሞ በትንንሽ ፊደል የድረ ገጹ አድራሻ ይታያል። ፎቶው የታወቀ አንቲቫይረስ አርማ ቢሆንም አድራሻው ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ከሆነ ማጭበርበሪያ ነው። አድራሻውን ወረቀት ላይ ጻፊው። ሳጥኑን ግን መሐሉን አትጫኚ፤ ስትጫኚው ገጻቸውን ይከፍታል። የመዝጊያውን ኤክስ ብቻ ተጫኚ። የብሮውዘር ስምም አድራሻም ከሌለበት፣ ክሮምና ኤጅ ከታስክ ማናጀር ሙሉ በሙሉ ተዘግተውም ከመጣ፣ ያኔ የተጫነ ፕሮግራም ነውና ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ገጹ ውስጥ ብቻ ወጥቶ ታቡ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋው ደግሞ ተራ ፖፕአፕ ነው፤ ከኖቲፊኬሽን ጋር አይገናኝም።

ክሮም ላይ፦ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። ገጹን ወደ ታች ስትወርጂ ሁለት ዝርዝር ታገኛለሽ፤ አንዱ ያልተፈቀደላቸው፣ ሌላው የተፈቀደላቸው። ችግሩ ያለው የተፈቀደላቸው ውስጥ ነው። በየአድራሻው አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኚ ብሎክ እና ሪሙቭ ይመጣሉ።

እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሪሙቭ ፈቃዱን ያነሳና ድረ ገጹን ወደ «ጠይቆ ይግባ» ይመልሰዋል። ነገ ሌላ ደንበኛ ያንኑ ገጽ ሲከፍት እንደገና ይጠይቀዋል። ብሎክ ግን ዳግመኛ እንዳይጠይቅ ያደርገዋል። አጭበርባሪውን ብሎክ፣ ክፋት የሌለውን ግን የማትፈልጊውን ሪሙቭ አድርጊ። የማታውቂው አድራሻ ከሆነ ብሎክ አድርጊው፤ ከተሳሳትሽ በኋላ መመለስ ይቻላል።

ፈቃድ የሚሰጠው ለሙሉ አድራሻ እንጂ ለዋናው ስም አይደለም። ስለዚህ አንድ አጭበርባሪ ዋናውን ስም ሳይቀይር ከፊቱ የተለያየ ቅጥያ እየጨመረ አሥርና ሃያ አድራሻ ሊያስገባ ይችላል። አንዱን ብቻ ብሎክ አድርገሽ «አልሠራም» ያልሽ እንደሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ያንኑ ዋና ስም የያዙትን አድራሻዎች በሙሉ አጥፊና፣ ባልተፈቀደላቸው ዝርዝር ጎን አድ የሚለውን ተጭነሽ ከዋናው ስም ፊት [*.] ጨምረሽ ጻፊ፤ ሁሉንም ቅጥያ ይሸፍናል። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ የተፈቀደው ነጠላ አድራሻ ካልተነሳ ጠቅላላው ክልከላ አይነካውም፤ ክሮም ይበልጥ የተለየውን ትእዛዝ ነው የሚያስቀድመው።

እዚያው ገጽ አናት ላይ ለወደፊቱ የሚሆን ምርጫ አለ፤ ድረ ገጾች ይጠይቁ፣ በዝምታ ይጠይቁ፣ ወይም ፈጽሞ አይጠይቁ። ለቤት ኮምፒውተር በዝምታ የሚለው ይበቃል፤ ጥያቄው ፊት ለፊት አይደነቀርም፣ አድራሻ መጻፊያው ላይ ትንሽ የደወል ምልክት ብቻ ይታያል። ለእናንተ ቤት ግን ሦስተኛውን ነው የምመክረው።

ከጀርባ እንዳይሠራ፦ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቺ፤ ጉግል ክሮም ሲዘጋ ከጀርባ መሥራቱን ይቀጥል የሚለውን የመጀመሪያውን ማብሪያ አጥፊው። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ ፈቃዱ ካልተነሳ ክሮም ሲከፈት ይመለሳል።

አንድ ማሳሰቢያ። ኢንተርኔት ላይ «የክሮምን ማጽጃ መሣሪያ ተጠቀሙ» የሚል የቆየ ምክር ታገኛላችሁ። ጉግል ያንን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከክሮም 111 ጀምሮ አንስቶታል፤ በፍለጋ ጊዜ አታባክኑ። በእሱ ስም አውርዱ የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ደግሞ ራሱ ማጭበርበሪያ ነው። አሁን ያለው ሴፍቲ ቼክ የሚባለው ነው፤ እሱ በፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር አለ፣ ብዙ ኖቲፊኬሽን የሚልኩትን ድረ ገጾች ለይቶ ያሳያል።


ሐይቅ ዳር፦

የቦርከናው የክሮሙን ጨርሶታል፤ የቀሩትን ሁለቱን ልጨምር።

ኤጅ፦ ከላይ በስተቀኝ ሦስቱ አግድም ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኩኪስ ኤንድ ሳይት ፐርሚሽንስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። በአዳዲሶቹ እትሞች ሳይት ፐርሚሽንስ በፕራይቬሲ ሥር ገብቷል፤ ካጣሽው በሴቲንግስ መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ኖቲፊኬሽን ብለሽ ጻፊ። ዝርዝሩ እንደ ክሮሙ ነው። ከጀርባ የሚሠራው ደግሞ ሲስተም ኤንድ ፐርፎርማንስ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁለት ማብሪያ አለ። አንዱ ስታርትአፕ ቡስት ይባላል፣ ሌላው ኤጅ ሲዘጋ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) እና አፕ ከጀርባ ይሥራ የሚለው ነው። ሁለቱንም አጥፊ። «ኤጅን አንጠቀምበትም» ብለሽ እንዳታልፊው፤ አንዳንድ ሊንክ በራሱ በኤጅ ይከፈትና ደንበኛው እዚያ አሎው ይላል።

ፋየርፎክስ፦ በስተቀኝ ሦስቱ መስመሮች፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፤ ወደ ታች ውረጂና ፐርሚሽንስ ከሚለው ሥር ኖቲፊኬሽንስ አጠገብ ያለውን የሴቲንግስ አዝራር ተጫኚ። በሚከፈተው መስኮት እያንዳንዱን ድረ ገጽ ወደ ብሎክ መቀየር ይቻላል። ከታች ያለችው አዲስ ጥያቄን የሚከለክለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ሴቭ ቼንጅስ፤ ሳትጫኚው ከወጣሽ ምንም አልተለወጠም። ፋየርፎክስ ከ72ኛው እትም ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2020 ማለት ነው፣ ገጹን ሳይነኩት የሚመጣን ጥያቄ በራሱ ይደብቃል፤ ስለዚህ እዚያ ችግሩ ቀለል ይላል።

ሌላው፣ ሁሉም ሳጥን ከድረ ገጽ የመጣ አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ ምክርና ማስታወቂያ ያሳያል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ዊንዶውስ አጠቃቀም ምክርና ጥቆማ አሳየኝ የሚለውን ሳጥን አጥፉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ከታች አዲሽናል ሴቲንግስ በሚለው ውስጥ ተደብቋል።


የፒያሳዋ ጸሐፊ፦

ጀዛኩሙላህ ኸይረን፣ እግዜር ይስጥልን። አምስቱ ጸድተዋል። አንዱ ላይ ግን ያነሳነው አድራሻ ክሮም ተዘግቶ ሲከፈት ተመልሶ በተፈቀደላቸው ውስጥ ይገኛል። ሌላ ጥያቄ፦ ስድስቱም ላይ ደንበኛው ሴቲንጉን መቀየር እንዳይችል ማድረግ ይቻላል? ከሞባይል ዳታ በሆትስፖት የምንጠቀምበት ጊዜም ስላለ፣ ይህ ነገር ዳታ ምን ያህል ይበላል?


የጦሳው (ደሴ)፦

ስለ ተመላሹ። በእጅ የተነሳ ፈቃድ ራሱን የሚመልስ ከሆነ የሚመልሰው አካል አለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤክስቴንሽን ነው። ክሮም ውስጥ ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ክፈቺና የተጫኑትን በሙሉ አጥፊያቸው፤ አሁን መሰረዝ አይደለም፣ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ። ከዚያ አድራሻውን አንሺ፣ ክሮምን ዝጊ፣ ክፈቺ። ካልተመለሰ አንድ በአንድ እያበራሽ ጥፋተኛውን ትለያለሽ። የነጻ ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ የቪዲዮ ማውረጃ፣ የኩፖን ኤክስቴንሽን ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ዲቴይልስ ውስጥ ስትገቢ ድረ ገጾች ኩኪስን፣ ካሜራንና ማይክሮፎንን የመሳሰሉትን የሚጠቀሙበትን ሴቲንግ መቀየር ይችላል የሚል ፈቃድ የያዘው እሱ ፈቃድ የመጻፍ ሥልጣን አለው፤ በደንብ የማታውቂው ከሆነ ሰርዢው።

ኤክስቴንሽን ካልሆነ የክሮምን ሦስት ነጥብ ክፈቺና ከታች «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚል መስመር መኖሩን እዪ። እናንተ ምንም ሳታደርጉ ይህ ካለ አንድ ፕሮግራም ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ሴቲንግ ማከማቻ ውስጥ ፖሊሲ (ተጠቃሚው የማይቀይረው ትእዛዝ) ጽፏል። አንዳንድ አንቲቫይረስም ይህን ስለሚያደርግ ወዲያው አትደንግጪ። በአድራሻ መጻፊያው ላይ ክሮም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ያዘነበለ መስመር፣ ፖሊሲ ብለሽ በእንግሊዝኛ (chrome://policy) ጻፊና ግቢ፤ የተጻፈው ፖሊሲ ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። የማታውቂው አድራሻ ለኖቲፊኬሽን ተፈቅዶለት ካገኘሽው ምንጩ እሱ ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮግራም ገብቷልና የዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተሽ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ስካን ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አስኪጂ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳልና ዩፒኤስ ላይ ካልተሰካ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት አድርጊው። የተከፈተ ዶክዩመንት ቀድመሽ ሴቭ አድርጊ።

ስድስቱንም መቆለፍ። ይህ ለእናንተ ዓይነት ቤት ዋናው መፍትሔ ነው፤ በየቀኑ ዝርዝር ማጽዳት አያዋጣም። መቆለፊያው ራሱ ያ ፖሊሲ ነው፤ እናንተው ትጽፉታላችሁ። የዊንዶውስ ሆም እትም ግሩፕ ፖሊሲ መክፈቻ ስለሌለው በሬጂስትሪ ነው የሚሠራው። የሬጂስትሪ ስህተት ዊንዶውሱን ሊያበላሽ ስለሚችል መክፈቻው እንደተከፈተ ምንም ሳትነኪ ፋይል፣ ከዚያ ኤክስፖርት ብለሽ ቅጂ ያዢ።

የዊንዶውስ ቁልፍና አር አብረሽ ተጫኚ፤ ሬጅኤዲት ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ኢንተር፣ ከዚያ የስ። በግራ በኩል ኤችኪ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ ድረስ ውረጂ። ፖሊሲስ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርገሽ ኒው፣ ኪ (እንደ ፎልደር ያለ ነው)፤ ስሙን ጉግል በዪው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፊ። በጉግል ውስጥ ሌላ ኪ ፍጠሪ፤ ስሙ ክሮም። ቀድመው ካሉ አዲስ አያስፈልግም። ክሮም የሚለውን መርጠሽ በቀኝ በኩል ባዶው ቦታ ላይ ቀኝ ጠቅ፣ ኒው፣ ዲወርድ 32 ቢት። ስሙ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ክፍተት የተጣበቁበት ነው፦ ዲፎልት፣ ኖቲፊኬሽንስ፣ ሴቲንግ (DefaultNotificationsSetting)። መካከለኛው መጨረሻው ላይ ኤስ አለው፣ የመጨረሻው የለውም፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ክሮም ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ የስህተት መልእክትም አይሰጥም። ሁለቴ ጠቅ አድርገሽ ዋጋውን 2 አድርጊው። 1 ሁሉንም ይፈቅዳል፣ 2 ሁሉንም ይከለክላል፣ 3 ይጠይቃል።

አሁን የምትፈልጊያቸውን ለመፍቀድ፦ በክሮም ኪ ሥር ሌላ ኪ ፍጠሪ፤ ስሙ ኖቲፊኬሽንስ፣ አላውድ፣ ፎር፣ ዩአርኤልስ፣ እንደገና ያለ ክፍተት (NotificationsAllowedForUrls)። በውስጡ ስትሪንግ ቫልዩ እየፈጠርሽ ስማቸውን 1፣ 2፣ 3 በዪያቸው፤ ዋጋቸው የድረ ገጹ ሙሉ አድራሻ ነው፣ ኤችቲቲፒኤስ ከሚለው ጀምሮ። የጂሜይልና የዌብ ቴሌግራም አድራሻ ለእናንተ ይበቃ ይመስለኛል። ለኤጅ ያንኑ ሁሉ በፖሊሲስ ሥር ማይክሮሶፍት፣ በውስጡ ኤጅ የሚል ኪ ፈጥረሽ ትደግሚዋለሽ፤ የውስጡ ስሞች አይለወጡም።

ክሮምን ሙሉ በሙሉ ዘግተሽ ክፈቺና የፖሊሲውን ገጽ እዪ። ስሙ ተዘርዝሮ ሁኔታው ኦኬ ካለ ገብቷል። ከዚህ በኋላ በሦስት ነጥቡ ውስጥ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚለው መስመር ይመጣል፤ አሁን አስተዳዳሪዎቹ እናንተ ናችሁ፣ አትስጉ። የኖቲፊኬሽን ገጹ ላይ ምርጫው ደብዝዞ ይታያል፣ ደንበኛ ሊነካው አይችልም።

አምስቱ ላይ በእጅ መድገም አያስፈልግም። በመጀመሪያው ኮምፒውተር ሬጂስትሪ ውስጥ ክሮም ኪ ላይ፣ ከዚያም ኤጅ ኪ ላይ ቀኝ ጠቅ፣ ኤክስፖርት ብለሽ በፍላሽ ያዢያቸው፤ በሌሎቹ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርገሽ የስ በዪ። አስተዳዳሪ በሆነ የዊንዶውስ አካውንት መግባት ግን ግድ ነው። ደንበኞች የሚጠቀሙበት አካውንት ራሱ አስተዳዳሪ ከሆነ ደግሞ የተቆለፈው ሁሉ ሊፈታ ስለሚችል፣ ለእነሱ ስታንዳርድ አካውንት ለይታችሁ ክፈቱላቸው።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ፤ እኔ ከፖሊሲውም በላይ የምወደው ይህን ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም ሾርትከት ኮፒ አድርጊ፣ ቀኝ ጠቅ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ታርጌት በሚለው ሳጥን መጨረሻ ላይ አንድ ክፍተት ተዪና ሁለት ሰረዝ አስከትለሽ ጌስት (እንግዳ ማለት ነው) ብለሽ በእንግሊዝኛ --guest ጻፊ። ጥቅሱ ውስጥ ሳይሆን ከመዝጊያው ጥቅስ ውጭ ይሁን። ስሙን «የደንበኛ» በዪው። በዚህ የሚከፈተው ክሮም መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ ታሪኩንም፣ ፓስወርዱንም፣ የሰጠውንም ፈቃድ ይዞ ይጠፋል። ኢሜይሉን ሳይዘጋ የሄደ ደንበኛ አካውንት ለቀጣዩ ሰው ክፍት ሆኖ አይቀርም። ሰው የመንግሥት ቅጽ፣ የባንክ ደብተር፣ የልጁን ውጤት በሚከፍትበት ማሽን ላይ ይህን ማድረግ የአደራ ጉዳይ ነው።

ዳታውን በተመለከተ፦ በአንድ ኖቲፊኬሽን የሚላከው ጽሑፍ ቢበዛ 4 ኪሎባይት አካባቢ ነው፤ እሱ ብቻውን ሂሳብ ውስጥ አይገባም። የሚበላው አብሮት የሚወርደው ፎቶ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ሲጫነው የሚከፈተው በቪዲዮ ማስታወቂያ የታጨቀ ገጽ ነው። በሆትስፖት ስትሆኑ ሳታውቁት ዳታ የሚበሉት የዊንዶውስ ዝማኔዎችም ስለሆኑ፣ ዊንዶውሱ ውስጥ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የተመጠነ ግንኙነት) የሚለውን አብሩት።


ላስታ (ላሊበላ)፦

የተገላቢጦሹን ላንሳ፤ የሚፈለገው ኖቲፊኬሽን ሳይመጣ ሲቀር ምኑ ይታያል? እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒውተር፣ ክሮም ላይ አሎው ተደርጓል፣ ጂሜይል ክፍት ነው፣ የቦታ ማስያዣ ኢሜይል ሲገባ ግን ጭጭ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ድምፁ እንግዳ ይረብሻልና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ዝም እንዲል እንፈልጋለን።


የቦርከናው (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ ኖቲፊኬሽን አራት በር አልፎ ነው ስክሪን ላይ የሚደርሰው፤ አንዱ ከተዘጋ የሌሎቹ መከፈት አይጠቅምም።

የመጀመሪያው ዊንዶውሱ ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ከላይ ያለው ዋናው ማብሪያ በርቶ፣ ከታች በዝርዝሩ ውስጥም ጉግል ክሮም በርቶ መሆኑን እይ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ችግር፤ ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሰው በማጭበርበሪያው ተናድዶ ሳጥኑ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫንና የክሮምን ኖቲፊኬሽን በሙሉ አጥፋ የሚለውን ይመርጣል። መጥፎው ከጥሩው ጋር አብሮ ይዘጋል። በፍጥነት የሚያሳርፍ ስለሆነ ያማልላል፣ ግን አትጠቀሙበት።

ሁለተኛው የዝምታው ሁኔታ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ፎከስ አሲስት፣ 11 ላይ ዱ ኖት ዲስተርብ ይባላል። በራሱ የሚበራበት ደንብ አለው፤ ስክሪኑ ከፕሮጀክተር ወይም ከቴሌቪዥን ጋር ተባዝቶ ሲታይ፣ ጌም ሲከፈት፣ አፕ ሙሉ ስክሪን ሲይዝ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለ ኮምፒውተር ከግድግዳ ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ተገናኝቶ አንድ ዓይነት ነገር የሚያሳይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለው በዚህ ደንብ ሊሆን ይችላል። ደንቡን አጥፋው።

ሦስተኛው ብሮውዘሩ ነው፤ እሱን አይተኸዋል። ፕሮፋይሉን ግን አረጋግጥ፤ ክሮም ውስጥ ሁለት ፕሮፋይል ካለ የየራሳቸው ዝርዝር ነው ያላቸው፤ በአንዱ የሰጠኸው ፈቃድ ለሌላው አይሠራም።

አራተኛው ድረ ገጹ ራሱ ነው፤ ያንተም ችግር እዚህ ይመስለኛል። ጂሜይል ውስጥ ጥርሳም ጎማ የሚመስለውን የሴቲንግስ ምልክት ተጫን፣ ሲ ኦል ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፤ ዴስክቶፕ ኖቲፊኬሽንስ እስኪመጣ ውረድ። ሦስት ምርጫ አለ፤ አዲስ ኢሜይል ሁሉ፣ አስፈላጊ የሆነው ብቻ፣ ምንም። የመጀመሪያውን ምረጥና ከገጹ መጨረሻ ሴቭ ቼንጅስ ተጫን። የጂሜይል ኖቲፊኬሽን ታቡ ክፍት እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ታቡን ፒን አድርገው፣ ማንም በስህተት አይዘጋውም።

እነዚህ ሁሉ ትክክል ሆነው እምቢ ካለ የኮምፒውተሩን ቀን ተመልከት። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቦታ በቆየ ዴስክቶፕ ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ፣ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ከተሳሳተ አስተማማኝ ግንኙነት አይፈጠርም፤ ክሮም ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል፣ ኖቲፊኬሽኑም አይገባም። ሌላው ምክንያት የእኛው አቆጣጠር ነው። አንዳንዱ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያነበው በፈረንጅ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፣ የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት ገና ያልተሰጠ መስሎ ይታየዋል። ቀኑን በፈረንጅ አድርግ፣ ታይም ዞኑን ከዝርዝሩ ናይሮቢ ያለበትን ሲደመር 3 ሰዓት ምረጥ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል አብራ። ባትሪዋን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለህ፣ ጽሑፍ ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ሆኖ ትገባለች።


የወልድያዋ፦

የማታውን ዝምታ እኔ ልመልስ። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፎከስ አሲስት፤ ኦቶማቲክ ሩልስ ከሚለው ሥር በእነዚህ ሰዓቶች የሚለውን ተጫን። 11 ላይ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ዱ ኖት ዲስተርብን በራሱ አብራ የሚለው ሥር ነው። ሰዓቱን በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ሙላ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት 10 ፒኤም፣ ንጋት 12 ሰዓት ማለት 6 ኤኤም ነው። 4 ብለህ ከጻፍክ ከቀኑ 10 ሰዓት ወይም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆንብሃል። በዝምታው ሰዓት የመጣው አይጠፋም፤ ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤን፣ 10 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤ ስትጫን ተደርድሮ ታገኘዋለህ።

ድምፁ ብቻ ከሆነ የሚረብሸው ሙሉ ዝምታም አያስፈልግም። በኖቲፊኬሽንስ ዝርዝር ውስጥ ጉግል ክሮም የሚለውን ስሙን ስትጫን ሳጥኑና ድምፁ ለየብቻ ማብሪያ አላቸው፤ ድምፁን አጥፍተህ ሳጥኑን ትተወዋለህ።

ለፒያሳዋ እህቴ ስለ ቴሌግራም፦ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ከብሮውዘሩ ጋር አይገናኝም፤ የጦሳው ያስቀመጠው ፖሊሲም አይነካውም። የራሱ ሴቲንግስ ውስጥ ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ አለው። እዚያ የላኪውን ስምና የመልእክቱን ጽሑፍ የሚያሳዩትን ሁለት ምልክቶች አንሺ፤ መልእክት መምጣቱን ታውቂያለሽ፣ አጠገብሽ ቆሞ ኮፒ የሚጠብቅ ደንበኛ ግን ይዘቱን አያነብም። ዊንዶውሱም ላይ በተቆለፈ ስክሪን ኖቲፊኬሽን አሳይ የሚለውን አጥፊው፤ እሱ በዚያው በኖቲፊኬሽንስ ገጽ ላይ ነው።